ሁለት ጊዜ የተሳበው አንሶላ

ሎጋው የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ሰባት ሰዓት ሙሉ ከመሬት በታች ተቀብሮ ወጥቷል። ለፍሳሽ መስመር ቦይ ከሚቆፍሩት አንዱ ነበር። ወደ አንዱ የሲሚንቶ ቱቦ ገብቶ በደረቱ እየተሳበ ጭቃ ሲጠርግ፣ ከላይ የተከመረው አፈር ተንዶ የቱቦውን ሁለት አፍ ደፈነው። ቱቦው ቁጭ አያስብል፣ ትከሻ አያዞር። በእጁ የገባለትን ድንጋይ ከግድግዳው ጋር ማላተም ጀመረ። ውጪ ያሉትም ድምፁን ሰምተዋል፤ ግን ማዶ መዶሻ የሚመቱ ሰዎች ነበሩና የእነሱ መስሏቸው ምሳቸውን በሉ። ከምሳ በኋላ ስም ሲጠራ አንድ ሰው ጎደለ። በአካፋ ብንቆፍር እንጎዳዋለን ብለው በእጃቸው አፈሩን እየዛቁ ሲያወጡት ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር።

ሲወጣ አላለቀሰም። ውሃ ጠጣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ በማግስቱ ተመልሶ ዶማውን አነሳ። ጓደኞቹም ወንድ ማለት እንዲህ ነው እያሉ ለየደረሱበት አወሩለት። ጉድ የሠራው እንግዲህ ይኸው ሙገሳ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ሲዘጋበት ደረቱ ላይ ሰው የተቀመጠበት ያህል ይከብደው ነበር፤ ነገር ግን በጀግንነት የተወራለት ሰው በር እፈራለሁ ብሎ በየት አፉ ይናገር? ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። የመኝታ ቤቱን በር ክረምት ከበጋ ገርበብ አድርጎ ይተዋል፤ ሙቀት አልወድም ይላል። ሚስቱ ታዲያ «ሌባውን ለምን በደብዳቤ አትጠራውም?» ትለዋለች። ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ነገሩ በዚያው ያልፋል።

የቦዩ ሥራ ሲያልቅ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ ተንከራተተ። ሁለተኛው ልጅ በተወለደ ሰሞን በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቁመተ ረጅም ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰማና ሄደ። ቁመት የተፈለገው እርጥብ አንሶላ ሲዘረጋ ወለል እንዳይነካ ነው። ኃላፊው ከእግር እስከ ራሱ አየውና ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቀው ተከተለኝ አለው። ከዚያ መውረድ ሆነ። ሎጋው ደረጃዎቹን ቆጠራቸው፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። ከታች ያለው ክፍል መስኮት የለውም። በአንዱ ግድግዳ ማጠቢያዎቹ፣ በሌላው ማድረቂያዎቹ ተደርድረው ያጓራሉ። መሐል ላይ መተኮሻው አለ፤ በርሜል የሚያካክሉ ሁለት የጋሉ ብረቶች አንዱ በአንዱ ላይ እየተንከባለሉ አንሶላውን እርጥብ ይውጡና ደረቅ ይተፉታል። መግቢያው አንድ የብረት በር ብቻ ነው።

ሎጋው በሩን አየ፣ ልጆቹን አሰበ፣ ሥራውን ያዘ። በማግስቱ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ አንድ የልብስ ጋሪ በበሩ ሥር ገፍቶ በሩ እንዳይዘጋ ደገፈው። አየር እንዲገባ ነው አለ።

በመተኮሻው ላይ አራት ነበሩ። ትልቋ እትዬ ናቸው፤ ከሆስፒታሉ ሐኪሞች ግማሹን ተማሪ ሳሉ የሚያውቁ፣ ፔዳሉን የሚረግጡ ሴት። እሳቸው ሲረግጡ ብረቶቹ ይዞራሉ፣ እግራቸውን ሲያነሱ ይቆማሉ። ግራውን የአንሶላ ጫፍ የምትይዘው፣ በሠርጓ ሳምንት ሥራ የጀመረችና ስሙ በዚያው የጸናባት ሙሽሪት ነበረች። ቀኙን ሎጋው ይይዛል። ከማሽኑ ወዲያ ማዶ የተተኮሰውን የሚቀበለው ደግሞ ረዳቱ ይባላል። ዕድሜውን በታክሲ ረዳትነት ሲጮህ ኖሮ ድምፁ እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ የሚንጫረር፣ ምላሱ ግን ያልደነዘዘ ሰው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት አራቱም አንድ ማሽን ላይ ቆሙ እንጂ አንድ ሥራ አልሠሩም። አንሶላው እየተጣመመ ይገባል፣ እየተኮማተረ ይወጣል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል። እትዬ ቸኮላችሁብኝ ይላሉ፤ ሙሽሪት ሎጋው ይጎትተኛል ትላለች፤ ሎጋው ማንንም አይወቅስም፣ ግን ፊቱ ይወቅሳል። ረዳቱ ከማዶ ሆኖ ይሳደባል፤ ደግነቱ በማሽኑ ጩኸት ግማሹ አይሰማም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ ነገሩ። ኃላፊው ይህን ባየ ጊዜ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ወረቀት አስጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ረዳቱ ወረቀቱን ቆሞ አነበበና «አንበሳው የት እንዳለ አላውቅም፤ የታሰርነውስ እኛ ነን» አለ። አራቱ በአንድነት ሲስቁ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር።

መላው የተገኘው በእትዬ ጉንፋን ነው። አንድ ሳምንት ድምፃቸው ጠፋና መጮህ አቃታቸው። ከተቀመጡበት ቦታ ደግሞ እንፋሎቱና የልብሱ ክምር ስለሚጋርዳቸው የሁለቱን እጅ አያዩም። ስለዚህ ግራ እጃቸውን በአንሶላው ጠርዝ ላይ አሳረፉና ለሎጋው በምልክት ነገሩት፦ አንሶላው ከተስተካከለና የሁለታችሁም እጅ ከብረቱ ከራቀ ሁለቴ ሳብ አድርገው፣ እረግጣለሁ፤ ቆዩ ለማለት አንዴ ሳበው። ጉንፋኑ ሲለቃቸው መጮኹን ማንም አልመለሰውም። በወር ውስጥ አንሶላው እንደ ውሃ ይፈስ ጀመር። አልፎ ተርፎም በጨርቁ በኩል ተዋወቁ። ሙሽሪት ከባሏ ጋር ተኳርፋ የመጣች እንደሆነ ሎጋው ፊቷን ሳያይ ከጫፉ አያያዟ ያውቃል። የእትዬ ወገብ ያመማቸው ቀን ጠርዙ ከበድ ይላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እጃቸው ተግባባ፤ አፋቸው ገና ነበር።

ያልተግባቡበት አንድ ነገር በሩ ነው። በሩ ክፍት ሲሆን ከደረጃው የሚወርደው ነፋስ የእትዬን ወገብ ይቆርጠዋል። ረዳቱ ደግሞ አቧራ ይገባል ይላል፤ እውነቱን ለመናገር አቧራው ይገባ ነበር። በየጠዋቱ ሎጋው ጋሪውን ይገፋል፤ በየረፋዱ ረዳቱ ይመልሰዋል፤ ሎጋው ሄዶ እንደገና ይደግፋል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ አየር ነው ይላል። አየር ከሆነ ማራገቢያ እንጠይቅ ሲሉት ማራገቢያ ያሳምመኛል ይላል። ረዳቱ ነገሩን ወደ ፉክክር ቀየረው። በሩን ቢዘጋበት ረጅሙ ሰውዬ ምን እንደሚሆን ለማየት ፈለገ።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት፣ ሎጋው ጀርባውን በሰጠበት ሰዓት፣ ጋሪውን ቀስ አድርጎ ስቦ በሩን ዘጋና ከውስጥ ቀረቀረው። ወደ ቦታውም ተመለሰ።

ሎጋው የመዝጊያውን ድምፅ አልሰማም። ያወቀው ነፋሱ ከአንገቱ ላይ ሲቀር ነው። ዞሮ አየ። ያ ሰው ደረቱ ላይ ተቀመጠ። አንሶላውን ለቆ ወደ በሩ መሮጥ ይችል ነበር፤ ግን ሦስት ሰው እያየው እንደ ሕፃን በር ለመክፈት መሮጥ ከሞት ባሰበት። እንደ ያዘ ቆመ። እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከእጁ ወደ ጨርቁ አለፈ። እትዬ በጠርዙ ላይ ያሳረፉት እጃቸው አንድ፣ ሁለት ጊዜ የተሳበ ያህል ተሰማቸው። ረገጡ።

ሙሽሪት በዚያች ቅጽበት ጎንበስ ብላ ብረቱ አጠገብ የተኮማተረውን ታቃና ነበር።

የማሽኑን የአደጋ ማቆሚያ ገመድ የሳበው ረዳቱ ነው። ከሦስቱ ጣቶቿ ቆዳው ከብረቱ ጋር ቀረ፤ የሁለቱ አጥንት ተሰበረ። በሩ ተቀርቅሮ ስለነበር ለመክፈት እንኳ ጊዜ ወሰደ። እየደገፉ ሠላሳ አንዱን ደረጃ አወጧት። ወደ ሆስፒታሉ ከመሰላል ወድቆ የሚመጣም፣ በመኪና ተገጭቶ የሚመጣም ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ እሷ ግን ራሷ በተኮሰችው አንሶላ ላይ ተኛች።

በማግስቱ ኃላፊው ሦስቱን አቁሞ ጠየቀ። እትዬ ሁለት ጊዜ ተስቦ ነው የረገጥኩት አሉ። ኃላፊው ወደ ሎጋው ዞረ። ሎጋው «እኔ አልሳብኩም» አለ።

እውነቱን ነው፤ አልሳበም። በዚያች እውነት ውስጥ ግን ከቱቦው የባሰ ጠበበው። የሆነውን በሙሉ ቢናገር፣ በር የሚፈራን ሰው መስኮት በሌለው ክፍል ማን ያቆየዋል? ዝም ቢል፣ ጡረታ ለመውጣት ዓመት ከመንፈቅ የቀራቸው ሴትዮ በግዴለሽነት ሊባረሩ ነው። ኃላፊው ለበላይ የሚጽፈውን ደብዳቤ በስምንት ቀን እጨርሳለሁ ብሎ አሰናበታቸው። ረዳቱም በሩን ማን እንደቀረቀረው ትንፍሽ አላለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ያውቃሉ፤ ቀና ብለው ግን አይተያዩም።

ሥራው አልቆመም። በሙሽሪት ቦታ ሌላ ሰው ቆመ። እትዬ ግን የድሮዋ እትዬ አልሆኑም። እጃቸውን ጠርዙ ላይ ያሳርፋሉ፣ ሎጋው ሁለቴ ይስባል፣ እሳቸው አይረግጡም። ተነሥተው ክምሩን ዞረው መጥተው እጆቹን በዓይናቸው ያያሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ፣ እንደገና ተጠራጥረው ይነሣሉ። በሩ በነዚያ ቀናት ክፍት ነበር፤ ማንም ሊነካው አልደፈረም። ሎጋው ነፋሱ አንገቱን እየዳሰሰው መተንፈስ ያቅተው ጀመር። ቤት ሲገባ ሚስቱ ምን ሆንክ ትለዋለች፤ ምንም ይላል። በሰባተኛው ቀን ትልቁ ልጁ ውሃ ማፍሰሱን ደብቆ ሲገኝ ለምን ትዋሻለህ ብሎ ሊቆጣው ጀመረና ትቶ ውሃውን ራሱ ጠረገ።

በስምንተኛው ቀን በምሳ ሰዓት ማሽኖቹ ሲቆሙ እትዬ ክምር አንሶላ ላይ ተቀምጠው ግራ እጃቸውን እያገላበጡ ያዩት ነበር። ሎጋውን ጠሩት።

«ልጄ» አሉት፣ «እንዳልሳብክ አምኛለሁ። አንተ የምትዋሽ ሰው አይደለህም። ሃያ ስድስት ዓመት ያልዋሸኝ እጄ ነው የዋሸኝ። እርጅና መጣ ማለት ነው። ደብዳቤው እስኪመጣ አልጠብቅም፤ ዛሬ በገዛ እጄ እለቃለሁ። ሌላ ሰው ሳልፈጅ።»

ሎጋው ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ሴትዮዋ ሥራቸውን ብቻ ሳይሆን የገዛ እጃቸውን ሊያጡ ነው፤ ያን እጅ ሊመልስላቸው የሚችል ሰው ደግሞ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እጅዎ አልዋሸም» አለ። «አልሳብኩም ያልኩት እውነት ነው። ተንቀጥቅጬ ነው። በር ሲዘጋብኝ እንቀጠቀጣለሁ።»

ከዚያ ቱቦውን ነገራቸው። የጀግንነቱን ወሬ ሳይሆን፣ ድንጋዩን ሲያላትም በመጨረሻ እጁ አልታዘዝ ብሎ እናቱን እየጠራ የቀረባትን ሰዓት። ያቺን ሰዓት ለማንም ነግሮ አያውቅም። ሲጨርስ እትዬ እጃቸውን ደጋግመው ጨበጥ ዘርጋ አደረጉት፤ አይተው አይተው በመጨረሻ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ስምንት ቀን» አሉ። «ስምንት ቀን ሙሉ እብድ ነሽ ስትለኝ ነው የሰነበትከው።» ከዚያ ተነሥተው ሄዱ። ለሁለት ወር ያህል ከሥራ ቃል በቀር አላናገሩትም።

ረዳቱ ከማሽኑ ማዶ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ተነሣና በሩን የቀረቀርኩት እኔ ነኝ አለ፤ ለማን እንዳለው አልታወቀም፣ ክፍሉ ውስጥ የቀረው ሎጋው ብቻ ነበርና።

በዚያው ከሰዓት ሦስቱም፣ እትዬም ጭምር፣ ሙሽሪት ወደተኛችበት ወጡ። እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ሎጋው የሆነውን ነገራት፤ ረዳቱም የራሱን። አልቅሳ ትሰድበናለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ጣሪያውን እያየች፣ እኔም ወደ ብረቱ ስጠጋ በጫፉ በኩል ምልክት መስጠት ነበረብኝ፣ ባለቤቴ ውጪ እየጠበቀኝ ስለነበር ቸኩዬ ነው አለች። ይህን ያለችው ልታቀልላቸው አይደለም። ይቅር አልኳችሁም አላለችም። ውጡልኝ ልተኛ ነው አለች፣ ወጡ።

ኃላፊው ዘንድ ሲገቡ ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሰማቸው፤ ተቆጣ፤ ደብዳቤውን ቀደደው። እትዬን ወደ ቦታዎ ይመለሱ አላቸው። ለሎጋውና ለረዳቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ሎጋው አንድ ነገር ለመነ፤ ከላይ፣ ከመሬት በላይ የሆነ ማናቸውንም ሥራ። ኃላፊው ለምን ተብሎ፣ አንተን የሚያክል ቁመት ከየት አመጣለሁ፣ ሌላ ቦታ የለም፣ ካልፈለግህ በሩ ያው ክፍት ነው አለው። እንግዲህ ሎጋው የፈራው መባረርን ነበር፤ ያገኘው መቅረትን ሆነ። ወርዶ ቦታው ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ቆሟል።

ሙሽሪት በአራተኛው ወር ተመለሰች። ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም። ገና እንደገባች ከዛሬ ጀምሮ ቀኙን የምይዘው እኔ ነኝ፣ የምስበውም እኔ ነኝ፣ አንተ ወደ ግራ እለፍ አለችው። ሎጋው ወደ ግራ አለፈ። ሌላም ነገር ጨመረች። ማሽኑ ሳይነሣ በፊት እያንዳንዱ ሰው ስለ እጁ ይናገር አለች። ረዳቱ እንደ ልማዱ «እጄ ደህና አድሯል፣ ሰላምታ ያቀርባል» ብሎ ሊያላግጥ ሞከረ፤ ሙሽሪት የማይታጠፉትን ጣቶቿን አንሥታ አሳየችው። ዳግመኛ በዚያ ነገር አልቀለደም።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደህና ነው፣ ደህና ነው ይሉ ነበር፤ ከአንገት በላይ። እውነተኛው ነገር የተጀመረው እትዬ አንድ ጠዋት «የእኅቴ ልጅ ታሟል፤ ዛሬ እጄ ልብ የለውም» ብለው ከፔዳሉ ሲነሡ ነው። ረዳቱ ፔዳሉን ያዘ፤ እሳቸው ሲያጥፉ ዋሉ። በሳምንቱ የሎጋው ተራ ደረሰ። እንዲህም አለ፦ «ዛሬ እጄ አይታመንም፤ ትናንት ሊፍት ውስጥ ተቆልፎብኝ ነበር።» ማንም አልሳቀም። ሙሽሪት ጋሪውን ገፍታ በሩን በእጅ ስፋት ያህል ክፍት አድርጋ ደገፈችው፤ ለእትዬ ወገብ ደግሞ የሱፍ ብርድ ልብስ ከክምሩ መዘው አለበሷቸው። ሥራው ቀጠለ። ኃላፊው በየጠዋቱ ዐሥር ደቂቃ ታባክናላችሁ ብሎ ለአንድ ዓመት ያህል ሲነታረክ ኖሮ፣ የሚቃጠለው አንሶላ ሲቀንስ ዝም አለ።

ሁሉ ነገር ሰመረ ለማለት አይቻልም። ሎጋውና ረዳቱ እስከ መጨረሻው ጓደኛ አልሆኑም፤ አንዱ የሌላውን ቤት አያውቅም። ሙሽሪት በክረምት ጣቶቿን ሲቆረጥማት ለሎጋው ፊት የማትሰጥባቸው ቀኖች ነበሩ፤ እሱም የሚገባኝ ነው ብሎ ይቀበላል። ፍርሃቱም አልለቀቀውም። በየጠዋቱ ሠላሳ አንዱን ደረጃ ሲወርድ ደረቱ ይጠብባል፤ ሲወጣ ይከፈታል። ሚስቱ አሁን ታውቃለች፤ ስለ ሌባው መቀለዷን ትታ በሩን ራሷ ገርበብ ታደርገዋለች።

ሎጋው ጡረታ በወጣ በዓመቱ የማኅበራችን ሽማግሌዎች ከእሱ ጋር ተሰብስበን ስንጫወት፣ እንደዚያ ያለ ሥራ ያን ያህል ዘመን እንዴት ቻልክ፣ ከዚያ ሁሉስ ለአንተ የበለጠብህ መልካም ነገር ምን ነበር ብለን ጠየቅነው። ሎጋው ቶሎ የሚመልስ ሰው አይደለም። ዱላውን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረና እንዲህ አለ፦

«ሰው ስለኛ ጎበዞች ነበሩ ይላል። ጎበዞች አልነበርንም። ከዚያ ክፍል ብወጣ የምወድ ሰው ነበርኩ፤ ሳልወጣ ነው ያረጀሁት፣ አልዋሻችሁም። ግን እትዬ ጠዋት ጠዋት እጄ ደህና ነው ሲሉ እውነት ደህና እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እኔም አይደለም ስል ቦታዬን የሚይዝልኝ ሰው ነበረኝ። የበለጠብኝ ይኸ ነው። ሌላው ሁሉ አንሶላ ነው።»